የዳማ ጾም

«ሲመሽ ትመጣለህ፣ በሬን ሳልዘጋ…»

ከድጃ ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቷታል። ባሏ በሺር ሚኒባሱን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲያወጣ የሚያንጎራጉረው ነበር። በሺር ካለፈ ወዲህ ከድጃ ግማሹን ብቻ እያዜመች ትውላለች፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤቷ የሚሰማት ዳማ ብቻ ናት። ዳማ እናቷን ባጃጅ የገደለባት፣ ገና ጥርሷ ያልጠና ግልገል ድመት ናት።

ያን ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ዜማው አፏ ላይ ቀረ። ዳማ ምድጃው ጥግ ተዘርራለች። ልትነሳ ስትል እግሯ ከዳትና ተንገዳግዳ ወደቀች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ ገላዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ተከፍቶ አያይም።

ጎረቤቷ ሱዓድ ገብታ አየች። ጭንቁን ለማቅለል ያህል፣ «እትዬ ከድጃ፣ ድመቷንም ሮመዳን አስያዟት እንዴ?» አለች።

ቀልዱ ልቧን ወጋት። ጾመኛ ቤት ቀን ምን ይበስላል? ለሰሁር ስትነሳ አብልታት፣ እንደ ራሷ እስከ ማፍጠሪያ የምትዘልቅ መስሏት ነበር። ለዚያች ጭብጥ ለማትሞላ ነፍስ ግን አንድ ቀን ዓመት ነው።

«አዎን ሱዓድ፣ ሳላውቅ አስጾምኳት። ስኳሯ ወርዶ ነው። በሺርም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

በሺር የስኳር በሽተኛ ነበር። መርፌውን ተወግቶ ምሳ የዘለለ ቀን እንዲሁ ይንቀጠቀጥ፣ ቃል ይጠፋው ነበር። ከረሜላ ከኪሱ አይለይም፤ አንድ ቀን ግን ኪሱ ባዶ ሆነ።

ሱዓድ ወተት በዳማ አፍ ልታንቆረቁር ስትል ከድጃ እጇን ያዘቻት፤ መዋጥ ላቃታት ወተቱ ሳንባ ገብቶ ያንቃታል። ማር በጣቷ ጫፍ ነክራ ድዷን ቀባቻት። በበሺር ሽርጥ ጠቅልላ፣ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ፕላስቲክ በጨርቅ አድርጋ አስጠጋችላት። ምንም የለም። ደግማ ቀባች። ምንም። «ያ አላህ፣ ይህችን እንኳ ተውልኝ።»

የመግሪብ አዛን ተሰማ። በቆመችበት ውሃ ተጎንጭታ ጾሟን ፈታችና መልሳ ጎንበስ አለች። ሱዓድ የእንስሳት ሐኪሙን በስልክ አገኘችው። ማሩን እንዲቀጥሉ፣ ስትነቃ ጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ እንዲያበሏት፣ በጠዋትም እንዲያመጧት ነገራት።

የከድጃ ልብ ግን የዳማ ድድ ላይ ያረፈው ጣቷ ላይ ብቻ ነበር። ጫፉን ሻካራ ነገር ነካው። ምላስ።

ዳማ አንገቷን ቀና አደረገች። ሥጋ አድቅቀው በመረቅ አርሰው ትንሽ ቢያቀርቡላት፣ በላች።

ሱዓድ የማፍጠሪያውን የሾርባ ሳህን ወደ ከድጃ ገፋ አደረገች። «አሁን ደግሞ እርስዎ።»

ከድጃ ዳማን እንደ ተጠቀለለች ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሁለተኛው ስንኝ አሁንም አልመጣላትም። ቢስሚላህ ብላ፣ ማር በነካው እጇ ማንኪያውን አነሳች። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፤ በላችው።