ሳልሰማ የቀዳሁት ድምፅ

ፍኖተ ሰላም በሚገኘው የሬዲዮ ጣቢያ ቅርንጫፍ ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተሰጠኝ ኮምፒውተር ድምፅ አልነበረውም። የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ፈንታሁን ጠረጴዛውን እየጠቆሙ፣ «ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ መናገር ብቻ ነው እምቢ ያለው» አሉኝ።

የተቀጠርሁት በሪፖርተርነት ነበር። ቅርንጫፉ ግን ቴክኒሻን የሚባል መደብ ስላልነበረው የተበላሸውን መጠገን የተጠቃሚው ፈንታ ነበር። መጀመሪያ ሽቦውን አየሁ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን በሌላ ቀየርሁ። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ኮምፒውተሩ ላይ የውስጥ ዕቃዎቹን ዝርዝር ስከፍት የድምፅ ካርዱ ስም ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት አገኘሁ። ዊንዶው የሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮግራም እንደ አዲስ ሲጫን ድራይቨሩን ያስገባ ሰው አልነበረም። ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱ አንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው አይተዋወቁም።

ድራይቨሩ ያለበት ሲዲ ቡሬ ከተማ በአንድ የኮምፒውተር ቤት ተገኘ። በሚኒባስ ሄጄ ተመለስሁ። ጭኜ እንደጨረስሁ ኮምፒውተሩ የመክፈቻ ዜማውን አሰማ። አቶ ፈንታሁን ከቢሯቸው ብቅ ብለው፣ «እሰይ! አፉን ፈታ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢሮው የድምፅ ሐኪም እኔ ሆንሁ።

አሠራሬ ዜና ከማጣራት የተለየ አልነበረም። ከቅርቡ ምንጭ እጀምራለሁ፤ አንዱን ሳላረጋግጥ ወደ ሌላው አላልፍም። ሽቦ፣ ማጉያ፣ ድራይቨር፣ በመጨረሻ ፋይል። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ፋይሉ ነበር። ከገጠር የሚመጣልን ድምፅ በየዓይነቱ ስልክ የተቀዳ ነው፤ እያንዳንዱ ስልክ ደግሞ ድምፁን የሚያሽግበት የራሱ መንገድ አለው። ይህን ኮዴክ እንለዋለን። እሽጉን የሚፈታ ፕሮግራም ከሌለ ፋይሉ ይታያል፣ መጠኑ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይወጣም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስብሰባውም፣ መግለጫውም አልናፈቀኝም። የሚናፍቀኝ ማይክሮፎን ይዤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማንኩሳን ገበያ መስማት ነው። በእግሬ ስሄድ የማልሰማውን ማዳመጫው ያሰማኝ ነበር፤ እህል ሲሰፈር፣ የጋሪ ፈረስ ልጓሙን ሲያላምጥ፣ አንዲት ሴት ዋጋ ከመጥራቷ በፊት ለአፍታ ስታመነታ። ዛሬ ገበያ ስሄድ ሁሉም አንድ ላይ ይደበላለቅብኛል።

በሥራ ዘመኔ ከሁሉ አብልጬ የማስበው ድምፅ ግን አንድም ቀን ያልሰማሁት ነው።

በአንድ የገበያ ቀን እማማ አንጓች የሚባሉ ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ እናት ወደ ቢሮው ገቡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሚሞሪ ካርድ አወጡ።

«ድምፅ የሚያክም ሰው አለ ብለውኝ ነው። አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይቀመጡ።»

ልጃቸው ስመኝ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ውሏ ሊያልቅ ነው። ሁለት ዓመት ልጨምር ወይስ ልምጣ ብላ፣ እናትና አባቷ እንዲወስኑ የድምፅ መልእክት ልካለች። መልእክቱ የደረሰው የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት በሆነው በወንድማቸው ልጅ ስልክ ነው፤ ስሙ አዲሱ ይባላል። አዲሱም ካርድ ላይ ገልብጦ ሰጥቷቸዋል። የእርሳቸው የቁልፍ ስልክ ግን አልከፍት ብሏል።

ካርዱን ስልኬ ውስጥ ከተትሁት። ስልኬ ፋይሉን አወቀው።

«እዚህ ላይ አሁኑኑ ሊሰሙት ይችላሉ» አልኋቸው።

«ኧረግ! አባቷን ቤት አስቀምጬ እኔ ብቻዬን? እግሩን አሞት ነው እንጂ እሱም በመጣ። ኸሱ ጋር ነው የምሰማው። ለኔ ስልክ አድርገህ ስጠኝ።»

«እሺ።»

«አንተም አትሰማም።»

«እኔም?»

«አንተም። የቤት ነገር ነው።»

አቶ ፈንታሁን በሩ ላይ ቆመው ሳቁ። «እማማ፣ እሱ እኮ እንጀራው መስማት ነው።»

«እንግዲያስ ለዛሬ ይጹማ!»

እንደማልሰማ ቃል ሰጠሁ።

የቢሮው ኮምፒውተር ለዚያ ፋይል የሚሆን ኮዴክ አልነበረውም። ያን ሰሞን በከተማው ኢንተርኔት ስላልነበር ከየትም ማውረድ አይቻልም። የቀረው የድሮው መንገድ ነበር፤ ከስልኬ የማዳመጫ ቀዳዳ እስከ ኮምፒውተሩ የማይክሮፎን ቀዳዳ ገመድ ዘርግቶ፣ ከዚህ እያጫወቱ እዚያ መቅዳት። በዚህ ሥራ ላይ ማዳመጫ ከጆሮ አይወልቅም፤ ደንቡ ነው። እኔ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ የሚለውን አረንጓዴ መስመር ብቻ እያየሁ ቀዳሁ።

እማማ አንጓች ወንበራቸውን አስጠጉ። «ምኑን ነው የምታየው?»

«ድምፁ ከፍ ሲል ይህ አረንጓዴ ከፍ ይላል።»

«አሁን እያወራች ነው?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«ዝም ብላለች።»

እስኪያልቅ ድረስ ከእኔ እኩል መስመሩን አዩ።

ቅጂውን የእርሳቸው ስልክ ወደሚያውቀው ዓይነት ቀይሬ ካርዱ ላይ ጫንሁ። መክፈቱን ለማረጋገጥ ሰላምታውን ብቻ እንዲሰሙ ተስማማን። እኔ ወደ መስኮቱ ዞር አልሁ። እርሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ጥቂት ሰሙና አጠፉት።

«እሷ አይደለችም» አሉ።

«ሌላ ሰው ነው?»

«ድምፁስ የሷ ነው። አትተነፍስም ግን። ልጄ ስታወራ ትተነፍሳለች።»

አቶ ፈንታሁን ጣልቃ ገቡ። «እማማ፣ ቅጂው ጥራት ስላለው ነው።»

«ጥራቱን ለራስዎ ያድርጉት፤ የኔ ልጅ ሰው ናት» አሉ እማማ አንጓች።

ከሽቦው ጀመርሁ። ገመዱ ደህና ነው። ቀጥዬ የድራይቨሩን ማስተካከያ ከፈትሁ። ነገሩ እዚያ ነበር። በቅርቡ ዊንዶው ቀይረን አዲስ ድራይቨር ጭነን ነበር። አዲሱ ድራይቨር ማንንም ሳይጠይቅ በማይክሮፎኑ መግቢያ ላይ «ኖይዝ ሰፕሬሽን» የሚባለውን ማጣሪያ ከፍቷል፤ ትርጉሙ ጫጫታ ማፈን ነው። ቢሮው ውስጥ ሁላችንም ወደነው ነበር። የቬንትሌተሩና የባጃጁ ድምፅ ከቅጂያችን ስለጠፋ ስቱዲዮ የተሠራልን መስሎን ነበር። ማጣሪያው ግን ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ጫጫታ ይለዋል። ትንፋሽ ደግሞ ንግግር አይደለም።

የስመኝን ፋይል ሳልነካ መሞከር ነበረብኝ። የራሴን ትንፋሽ በስልኬ ቀድቼ በገመዱ አሳለፍሁት። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ማጣሪያውን አጥፍቼ ደገምሁት። አሁን ትንንሽ ሞገዶች ታዩ።

ከዚያ መልእክቱን እንደ አዲስ ቀዳሁ፤ ማዳመጫው እንደተቀመጠ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ በቃልና በቃል መካከል ያለው ቦታ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቦታ ባዶ አልነበረም። አንዳንዱ ሞገድ አጭር፣ አንዳንዱ ረጅምና የተቆራረጠ ነበር። ምን እንደሆኑ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም።

እማማ አንጓች ሰላምታውን እንደገና ሰሙ። ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አሁን እሷ ናት» ብለው ወጡ።

አቶ ፈንታሁን ከሸኟቸው በኋላ ወደ እኔ መጡ። «ጥሩ ፕሮግራም ይወጣው ነበር። አንድ ቅጂ አላስቀረህም?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ጋዜጠኛ ሆነህ?»

«ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።»

«እሱስ ልክ ነው» ብለው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ገበያ እማማ አንጓች ከባለቤታቸው ጋር በጋሪ መጡ። አባባ ሙጨ በምርኩዝ እየተደገፉ ገቡ። ስቱዲዮ በምንላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ደህና ነኝ ትላለች» አሉ ሳልጠይቃቸው። «ሥራው አይከብድም ትላለች። ሁለት ዓመት ብጨምር ደስ ይለኛል ትላለች። በየመሀሉ ግን ትንፋሿ ይቆራረጣል። በልጅነቷም እንዲሁ ነበረች፤ ሳታለቅስ መስላ የምታለቅሰው እንዲያ ነው።»

እማማ አንጓች አከሉ። «ቃሏን ብቻ ብንሰማ ጨምሪ ልንላት ነበር።»

መልሱን ለመቅዳት መሣሪያውን አዘጋጀሁ። ማጣሪያው መጥፋቱን አረጋገጥሁ። ማዳመጫውን ላንሳ አላንሳ ሳመነታ አባባ ሙጨ አዩኝ።

«አድርገው፤ ይህን ስማ። የኛ ነው።»

ማዳመጫውን አደረግሁ። ሽማግሌው ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከጎናቸው የእማማ አንጓች ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ስመኝ» አሉ፣ «ያልሽውን ሰማን። ያላልሽውንም ሰማን። ነይ።»

ሌላ የሚጨምሩት እንዳለ ጠበቅሁ። «በቃ፣ ዝጋው» አሉኝ። ቅጂውን የሚኒባስ ረዳቱ የአዲሱ ስልክ በሚያውቀው ዓይነት ካርድ ላይ አደረግሁላቸው። አዲሱም ባሕር ዳር ሲደርስ ላከው።

ስመኝ ውሏ እንዳለቀ መጣች። ከእናቷ ጋር ቢሮ ድረስ መጥታ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ያን ዕለት ለሥራ ቡሬ ሄጄ ነበር፤ የነገሩኝ አቶ ፈንታሁን ናቸው። በኋላ ማንኩሳ አካባቢ ባል አግብታ እንደተቀመጠች ሰማሁ። ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል አልፌያለሁ። ወርጄ ቤቷ የት ነው ብዬ የምጠይቅበት ምክንያት ግን አልነበረኝም። እናትና አባቷ አሁን በሕይወት የሉም።

የብዙ ሺህ ሰው ድምፅ ሰምቼ አርትዬ አስተላልፌያለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። የስመኝን ሞገድ ግን ዛሬም ወረቀት ላይ ልሥለው እችላለሁ፤ የቱ ጋ ከፍ እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደተቆራረጠ። ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት አላውቅም። አንዳንድ ቀን ገበያ መሀል የማላውቃት ሴት ከኋላዬ ስትናገር ቆም እላለሁ።

ለጀማሪ ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህን ነው። ድራይቨር በታደሰ ቁጥር የመቅጃውን ማስተካከያ ከፍታችሁ እዩ፤ ያላዘዛችሁትን ማጣሪያ አጥፉ። ባለቤቱ ካልጠየቃችሁ በቀር የሰው ትንፋሽ አትቁረጡ።