መልስ ሳይሰማ የማይሄድ ሰው

ሸዋ ሮቢት ምሳ የምበላበት ቤት ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ ከባድ ማዕበል ያወራል። ሩቅ ባሕር ላይ ተነሥቶ፣ ተደርድረው የተቀመጡ ደሴቶችን ሊመታ እየገሰገሰ ነው አሉ። ስም ሁሉ አውጥተውለታል። ሰዎቹ መስኮታቸው ላይ ጣውላ ሲመቱ፣ መኪናቸውን ጭነው ሲወጡ ይታያል። አስተናጋጇ “ታድለው፣ ቀድሞ የሚነግራቸው አላቸው” አለች። ለእኛም እኮ የሚነግረን ነበረ።

ከከተማው በባጃጅ ትንሽ ወረድ ሲሉ የሮቢ ወንዝ ይከፋፈልና መሐሉ ላይ እንደ ደሴት ያሉ ለም መሬቶች ትቶ ያልፋል። ሽንኩርት፣ ፓፓያና ማሾ እናበቅልባቸዋለን። በበጋ በእግር ይኬድባቸዋል። ክረምት ሲመጣ ግን እኛን ፀሐይ እየጠበሰን ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይወርድብናል። ስለዚህ አንድ ወግ አለን። ከላይ ያለው ባለመሬት ውኃውን ሲያይ ከታች ላለው ይጮኻል። የታችኛው “ሰምቻለሁ!” ብሎ ይመልስና እሱም በተራው ለቀጣዩ ያሰማል። መልስ ሳይሰማ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም፤ ዝም ያለው ሰው ተኝቶ ወይም የውኃ ሞተሩ ጆሮውን ደፍኖት ሊሆን ይችላል።

ከእኛ በላይ ያለው ደሴት ባለቤት፣ ጎረቤታችን፣ የአባቴ ባላንጣ ነበር። ጎርፉ ከእሱ መሬት ቆርሶ ወደ እኛ የለጠፈውን ደለል “መሬቴ ነው፣ መልስ” ይላል። አባቴ ደግሞ “ወንዙን ጠይቅ” ይለዋል። ሁለት የሸበቱ ሰዎች በጭቃ ተኳርፈው ለዓመታት ሰላምታ አልነበራቸውም። ለጎርፍ ግን ይጠራሩ ነበር፣ እሱን ኩርፊያቸው አልነካውም። አንድ ክረምት ሽማግሌ ፊት ተሰዳደቡና አባቴ “ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአፌ ቃል አያገኝም!” ብሎ ማለ። አባቴ እልኸኛ ነው። እኔም የሱ ልጅ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የደጋው ሰማይ ጠቆረ። ነፋሱ ቀድሞ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነፋስ በዕድሜዬ አላየሁም። ከጎረቤት ጣሪያ የተነቀለ ቆርቆሮ እየተሽከረከረ መጥቶ ደጅ የታሰረውን አህያችንን አንገቱን ቆረጠው። ደሙን አዋራው ወዲያው ጠጣው። ፓፓያዎቹ ከወገባቸው እየተቀነጠሱ ወደቁ። በረዶው ፊት ይደበድባል። እናቴ የበሩን መቃን ይዛ “ያ አላህ! ያ አላህ!” ትላለች። አባቴ ደሴቱ ላይ ነበርና እኔ ወደ ወንዙ ዳር ሮጥኩ።

ያን ጊዜ ከላይ ድምፅ መጣ።

“ውኃ መጣ! ውጣ! ሰማህ?”

ነፋሱ ወደ እኛ ስለሚነፍስ ጥርት ብሎ ይሰማል። አባቴ ሞተሩን ጥሎ ሮጠ። ጉልበቱ ድረስ የመጣውን ውኃ ተሻግሮ አጠገቤ ወጣ። በዚያ አዋራና በረዶ ውስጥ ግን ጎረቤታችን ሊያየው አይችልም።

“ሰማህ ወይ?” ይላል ድምፁ።

“አባዬ፣ መልስለት እንጂ!”

“ወጥቻለሁ አይደል? ምን ልበለው?”

“እስክትመልስለት አይሄድም እኮ!”

“ዝም በይ አንቺ!”

እኔ ጮኽኩ። ነፋሱ ድምፄን አፌ ላይ መለሰው። የአባቴ ግን ሌላ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ያለ ድምፅ ማጉያ አዛን ሲያሰማ ማዶ ያለው መንደር ለሶላት ይነሣል። ክንዱን ይዤ ነቀነቅኩት። ቡጢዬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ፣ አባቴን መታሁት። ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

“ኧረ በአላህ፣ ሰማህ ወይ?” ድምፁ ሻክሯል። ሰውየው ከዚያ ለመውጣት በቂ ጊዜ ነበረው። የሚሻገርበት ቦታ ከእኛ ይልቅ የቀለለ ነበር።

ጎርፉ ጥቁር ሆኖ፣ ግንድና ቋጥኝ እያላተመ፣ የሞተ ጥጃ ተሸክሞ መጣ። ምድሩ ከእግራችን በታች ተንቀጠቀጠ። የላይኛውን ደሴት ከነሽንኩርቱ ጠራርጎ፣ ቀጥሎ የእኛን ወሰደው። ስንጣላበት የኖርነው ደለልም አብሮ ሄደ። ጥሪው የቆመው የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳዳምጥ ቆይቼ የሚጠራ እንደሌለ ገባኝ።

አስከሬኑ ድልድዩ ሥር ተገኘ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ወሬ ያወራል። “በዚያ ነፋስ ማን ምን ይሰማል? የአላህ ቀደር ነው፣ የተጻፈለት።” አባቴ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጠላሁት። እውነቱን ነው የምናገረው፣ በዚያ ቀን አባቴን ጠላሁት፤ ራርቼለትም ነበር።

የሟቹ ሚስት ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች።

“ጋሼ፣ ድምፁ አልደረሰዎትም አይደል? ነፋሱ ወሰደው አይደል?”

አጠያየቋ የልመና ነበር። አዎ እንዲላት ትፈልጋለች፤ ባሏ የሞተው በነፋስ ምክንያት ቢሆን ይቀላታል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉም ያንኑ ይፈልጋል። አባቴ ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃው ነበር። ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ። ዓይኔን ከዓይኑ ላይ አላነሣሁም።

“ሰምቻለሁ” አለ፣ በዚያ በአዛን ድምፁ።