ትሪየሊና ክፍል

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ በተሰቀለባቸው ዓመታት፣ አስመራ ውስጥ የበር እጀታና ማጠፊያ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ብረቱ ተቆርጦና ተወልውሎ ኒኬል ውስጥ ከመነከሩ በፊት ቅባቱ መልቀቅ አለበት። የጣት ቅባት እንኳ ከቀረበት ኒኬሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ቅባቱን የምናስለቅቅበት ፈሳሽ ትሪየሊና ይባላል፤ ጣሊያኖቹ ያወጡለትን ስም ነበር ሁላችንም የምንጠራው። በበርሜል ይመጣል። ሲያዩት ውሃ ይመስላል፣ ሽታው ደግሞ ይጣፍጣል። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ የሚከረፋ ቢሆን ሰው ይሸሸው ነበር።

ሥራው ለጉልበት ከባድ አይደለም። ቁመቱ ደረት የሚደርስ የብረት ገንዳ አለ፤ ታቹ ላይ ትሪየሊናው ይፈላል። እንፋሎቱ ሲነሳ፣ ገንዳው አፍ አጠገብ ዙሪያውን የተጠመጠመ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ያገኘውና ተመልሶ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል። እኛ እጀታዎቹን በሽቦ ቅርጫት ሞልተን በረጅም መንጠቆ እናወርዳለን፤ ትንሽ ቆይቶ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ውሃው እስከመጣ ድረስ ነው። አስመራ ደግሞ ውሃ የሚተርፋት ከተማ አልነበረችም። በበጋ ቧንቧው ሲቀጥን እንፋሎቱ ከገንዳው አፍ አልፎ ይፈስሳል። በዐይን አይታይም። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ እግራችን ሥር ይተኛና ጎንበስ ስንል ያገኘናል። መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ የማያስቀው ነገር ሁሉ ያስቃል፣ ከዚያ ራስ ምታቱ ይመጣል።

ሥራ ስጨርስ በአውቶቡስ ጎዳይፍ ወዳለው ቤቴ እሄዳለሁ። ፌርማታዬን አልፌ የምወርድባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። እንቅልፍ ወስዶኝ አይደለም፤ መነሳት እንዳለብኝ እያወቅሁ መነሳት ስለሚያቅተኝ ነው። እጄ ኖራ እንደነካው ነጥቶ ይሰነጣጠቅ ነበር። እናቴ ቅቤ ስትቀባኝ «ይሄ ሥራ ከቆዳህ ምን ሊያተርፍ ነው?» ትላለች።

አብሮኝ የሚሠራው ሰው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ «ኣያ» እለው ነበር። ከዓዲ ኣበይቶ በብስክሌት ነው የሚመጣው። እኔ ስቀጠር እሱ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ትግርኛ አሳምሮ ያነባል፣ አማርኛ ግን አያውቅም።

አንድ ቀን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጣሊያንኛ ማስጠንቀቂያ አየና «ይህ በአማርኛ ይጻፍ» ብሎ ሄደ። ካፖው፣ ማለት የክፍላችን አለቃ የነበረው ጣሊያናዊ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ የተማርኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ሰጠኝ። «ማጨስ ክልክል ነው። ብቻውን ወደ ገንዳው መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከመሰላሉ ስወርድ ኣያ ቆሞ ፊደሉን አንድ በአንድ ያነባል።

«‹ብቻውን› ምን ማለት ነው?» አለኝ በትግርኛ።

«በይኑ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ‹በይኑ› ብለህ አልጻፍክም?»

«በአማርኛ ይሁን ስለተባለ ነዋ።»

«እዚህ ከአንተ በቀር አማርኛ የሚያነብ ማን አለ?»

ተሳሳቅን። ከሥሩ አንድ መስመር በትግርኛ ብጨምር የሚከለክለኝ አልነበረም። ደክሞኝ ስለነበር ብሩሹን አጥቤ አስቀመጥኩ።

ውሃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው መጣ። ያልተነከረው እጀታ ተከምሯል። ገንዳው ታች ዝቃጭ ይዞ ስለነበር መጠረግ አለበት። ልማዳችን ፈሳሹን ከቀዳን በኋላ ገንዳውን አንድ ቀን ክፍት ትተን፣ ከውጭ ሆነን እጀታው በረዘመ መጥረጊያ መፋቅ ነው። ያን ጠዋት ግን ፈሳሹን ቀድተን እንደጨረስን ካፖው የገንዳውን ጎን በመዳፉ ነካና «ቀዝቅዟል። ከቀትር በፊት ይለቅ» አለን።

እኔ ዝቃጩ ላይ የምንበትነው ሰጋቱራ ላመጣ ግቢውን ተሻግሬ ወደ አናጢዎቹ ሄድኩ። ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ወደ ገንዳው ተጠግቼ ቁልቁል ሳይ ኣያ ታች ተቀምጧል። ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቶ፣ መፋቂያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጥላ ሥር ያረፈ ገበሬ ይመስላል።

«ኣያ!»

አልተንቀሳቀሰም።

አንድ እግሬ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ነበር። ያ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ራሴ ዞረ፤ እግሬን መለስኩ። ብልህነት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። እየጮኽኩ የቅርጫቱን መንጠቆ አነሳሁና የቱታውን ማንገቻ ያዝኩበት። ካፖው እየሮጠ መጣ። ትንፋሻችንን ይዘን ጎተትን፤ ብብቱን ስናገኝ አውጥተን ግቢው ውስጥ አስተኛነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ካፖው ደረቱን እየተጫነ በጣሊያንኛ እናቱን ይጠራል፤ የራሱን እናት። ብዙ ቆይቶ ኣያ አስመለሰውና ተነፈሰ። በካፖው ማኪና ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ከሐኪም ቤት ሲወጣ ልጠይቀው ብስክሌት ተከራይቼ ዓዲ ኣበይቶ ሄድኩ። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። አወቀኝ፤ ግን ስለ ፋብሪካው ስናወራ ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። የሻሂውን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞት እንኳ ይፈስስበት ነበር። ልሄድ ስነሳ ሚስቱ እስከ በር ሸኘችኝ።

«ወደይ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ «እውነቱን ንገረኝ፤ ያን ቀን ጠጥቶ ነበር?»

«ኧረ አልጠጣም! ምነው?»

«ፊቱን ስለማውቀው ነው። በበዓል ቀን አንድ ዋንጫ ስዋ ሲቀምስ ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ቀድሞ ሌላ ቦታ ጠጥቶ ካልመጣ በአንድ ዋንጫ እንዲህ ይሆናል?»

«እኔም እንዲሁ ነኝ» አልኳት። «የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ግማሽ ዋንጫ ጠጥቼ ፊቴ በቦታ በቦታው ቀላ። ለካፖው ስነግረው ሳቀብኝ። ትሪየሊና ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ይሆናል አለኝ። መጠጡ አይደለም፣ ፈሳሹ ነው።»

በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ለነፍስ አባታችን ከሰስኩት» አለች። «አልጠጣሁም ብሎ በመስቀሉ ማለ። በሐሰት ማለ ብዬ ስንት ጊዜ ኩርፊያ… ለምን አልነገረኝም?»

«እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም ካፖውን ባልጠይቅ ማንም አይነግረኝም ነበር።»

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

«ስለ ምኑ?» አላት። እውነቱን ነበር፤ የምትለው ነገር ጠፍቶበታል። እሷ ግን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ከበዓሉ፣ ከዋንጫው፣ ከመሐላው፣ አንድ በአንድ ትነግረው ጀመር። ብስክሌቱን ይዤ ወጣሁ።

ልጠይቀው በሄድኩ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ስገባ ገንዳው እየፈላ ነበር። በኣያ ቦታ ከሐማሴን ገጠር የመጣ አንድ ጎልማሳ ተቀጥሯል። ቀይ ቀለሙን ፈልጌ አገኘሁና ከጽሑፌ ሥር በትግርኛ «በይንኻ ኣይትእቶ»፣ ብቻህን አትግባ፣ ብዬ ጻፍኩ። ካፖው አይቶኝ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገንዳው አንድ ቀን ክፍት ሳይውል አልተጠረገም፤ እኔና አዲሱ ሰውም አንዳችን ሌላውን ትተን ከክፍሉ አንወጣም ነበር። ራስ ምታቱ ግን እንደ በፊቱ ነው። ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛውረኝ ብዬ ካፖውን ለመንኩት፤ እሺ ያለኝ ከዓመት በኋላ ነው።

ኣያ ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም። ዘመዶቹ የአትክልት ቦታ የጥበቃ ሥራ አገኙለት። ሚስቱ በየቀኑ ምሳውን ይዛ ትሄድና እስኪጨርስ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። አንዳንድ እሑድ እየሄድኩ አየዋለሁ። ስሜን ሲያስታውስ ደስ ይለው ነበር፤ ሳያስታውስ ሲቀር ደግሞ እሷ ቀስ ብላ ትነግረዋለች።