ባለ ባርኔጣውን ማን ይጫወተው?

በእኛ አገር፣ ከጎንደር ቁልቁል እስከ መተማ ድረስ፣ ባለ ባርኔጣውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የትም ያልተወለደ፣ ሰዎች በወሬ የፈጠሩት ሰላይ ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይቀጥልለታል። አንድ ቀን መነኩሴ ሆኖ ከጠላት ሰፈር ይገባል፤ ሌላ ቀን ጨው ነጋዴ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ልጇ የጠፋባት እናት ይሆናል። የጠላት አዛዥ ራሱ አጉርሶ ይሸኘዋል። ከሄደ በኋላ ባርኔጣው ብቻ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። እኔ ይህን ሰው እወደው ነበር። በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ደንበኛ ሲጠፋ የማወራው ስለ እሱ ነው። ድምፁን፣ አረማመዱን፣ ሲዋሽ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ሁሉ ከራሴ ጨምሬለታለሁ።

ጓደኛዬ ከጎኔ ባለው የስፌት መኪና ይሠራ ነበር። በትርፍ ጊዜው ለቀበሌው ኪነት ድራማ የሚያዘጋጅ፣ ብዕሩ የሚታዘዝለት ሰው ነው። ጦርነቱና ድርቁ ተያይዘው ሲመጡብን አብረን ወደ ሱዳን ወጣን። በረሃው መሃል ወባ ጣለኝ። አብረውን የነበሩት መንገደኞች ውሃቸው ሳያልቅ ለመድረስ ጥለውን ሄዱ፤ እሱ ግን አዘለኝ። "እንዳትተኛ! ባለ ባርኔጣውን አውራልኝ" ይለኝ ነበር። ጀርባው ላይ ሆኜ፣ ግማሹ ቅዠት ቢሆንም፣ አወራሁለት። ገዳሪፍ አጠገብ ካለው የስደተኛ ሰፈር የደረስነው እንዲህ ሆነን ነው።

ሰፈሩ ጥቁር መሬት ላይ የተዘረጋ የሣርና የሸራ ከተማ ነበር። በዚያ ወራት በየማለዳው ሰው ይቀበራል። ቀባሪው ከመቃብር እንደተመለሰ ዱራውን ለመቀበል ይሰለፋል፤ ማሽላውን እንደ ሱዳኖቹ ዱራ ማለት ለምደን ነበር። ሰው መነጋገር ትቶ ነበር። ባልና ሚስት እንኳ እርስ በርስ አይነጋገሩም። አንድ ቀን ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን ሳለ፣ ዝምታው ሲከብደኝ፣ ከፊቴ ለቆመው ሰው ባለ ባርኔጣውን ጀመርኩለት። ወረፋው ደርሶኝ ዝም ስል ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ "ከዚያስ? አዛዡ አወቀው?" ብለው ጮኹ። ለካ ሰልፉ ሁሉ ሲያዳምጠኝ ኖሯል።

ወሬው የስደተኞቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ዘንድ ደረሰ። ጓደኛዬንና እኔን አስጠርተው፣ "ይህንን ነገር ድራማ አድርጋችሁ ለሕዝቡ አሳዩት። ሰው መሳቅ ረስቷል" አሉን። ጓደኛዬ አዘጋጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት በሣር ዳሳችን ሥር እየተቀመጥን፣ እኔ እያወራሁ እሱ ይጽፋል። አንዳንዴ ብዕሩን አስቀምጦ ዝም ብሎ ይስቃል። ስንጨርስ፣ "ታዲያ ማን ይጫወተዋል?" አልኩት፣ እንደዋዛ።

"ምን ማለትህ ነው? ካንተ ሌላ ማን አለ?" አለኝ።

ያን ቀን የበላሁት ጥቂት ነበር፤ ግን ጠግቤ ዋልኩ።

ነገሩ ሲሰማ ፈላጊው በዛ። ሊቀመንበሩም፣ "ማንም ቅር እንዳይለው በሕዝብ ፊት ይፈተኑ" አሉ። ፈተናውን ያወጣው ጓደኛዬ ነው። ከምግብ ማደያው ፊት ባለው ሜዳ ሰው ይሰበሰባል፤ ተፈታኙ ራሱን ለውጦ፣ ሳይታወቅ፣ ሊቀመንበሩ ከተቀመጡበት ወንበር መድረስ አለበት።

ሦስት ነበርን። አንዱ የቀድሞ ወታደር ነው። ጀላቢያ ለብሶ፣ ራሱን እንደ ሱዳኖቹ ጠምጥሞ ብቅ ሲል እግሩ ግን የወታደር ሰልፍ ላይ ነበር። "ወታደሩ መጣ!" ብለው ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሁለተኛው በቅርቡ ከሌላ የስደተኛ ሰፈር፣ ከወድ ኤል ሒለው የመጣ ወጣት ነው። ድንበሩ አጠገብ፣ ፋሽጋ የሰሊጥ እርሻ ላይ ሲሠራ ስለቆየ ረሃቡ አልነካውም። ፍየል ነጋዴ ሆኖ፣ ፍየል እየጎተተ መጣ። ሴቶቹ "ሲያምር!" አሉ፤ ግን ወዲያው አወቁት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጉንጭ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

እኔ ሰው ሳይሰበሰብ ነው የገባሁት። ከአንዲት ባልቴት ነጠላ ተውሼ፣ ጎብጬ፣ ጥላው ዳር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች እናት "ወዲህ ጠጋ ይበሉ እማማ፣ ፀሐዩ እንዳይመታዎ" ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ ከልጇ ኩባያም ውሃ አቀመሰችኝ። ሊቀመንበሩ "ሦስተኛውስ የት አለ?" ብለው ሲጣሩ፣ እያነከስኩ ሄጄ ከወንበራቸው አጠገብ ቆምኩና ነጠላውን ገለጥኩ። ያቺ እናት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። እልልታም ሰማሁ፤ በዚያ ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጓደኛዬ አላጨበጨበም። ራቅ ብሎ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያየኝ ነበር። "የተመረጠውን ነገ እናሳውቃለን" ብሎ ሕዝቡን በተነ። ድራማውን እያሰበ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ድሬሰርና ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ። "ደም እየተፋህ ነው ተብሏል። የሳንባው በሽታ ሌላውን ሳይዝ ለብቻህ መቆየት አለብህ" አለኝ ድሬሰሩ።

"ሳልማ ማን የማይስል አለ? አቧራው ነው። ደም ግን ተፍቼ አላውቅም! ማን ነው ያለው?"

"አብሮህ የሚኖረው ጓደኛህ። አትቆጣው፤ ላንተ አዝኖ ነው።"

አልተቆጣሁትም። ተሳስቶ ነው፣ ተጨንቆልኝ ነው አልኩ። ቃሬዛውን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ሳንባቸው የታመመ ሰዎች የሚተኙበት ዳስ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነበር። አክታዬን ወስደው ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ላኩት። እኔም ጓደኛዬ ይመጣል ብዬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ምግብ በምታመላልስልን ልጅ በኩል "ናና አናግረኝ" ብዬ ላክሁበት። አልመጣም። እንደገና ላክሁበት። "ሥራ በዝቶበታል" ብላ ተመለሰች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ከጎኔ የተኙት የአርማጭሆ እናት ነበሩ። ትንፋሻቸው አጭር፣ ምላሳቸው ግን ስል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሰፈሩ ወደ እኛ ሲነፍስ የሕዝብ ድምፅ ይዞ መጣ። ድራማው ተጀምሮ ነበር።

"ማን ሆነ አሉ ባለ ባርኔጣው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አላውቅም፣ እናቴ።"

"እኔ ሰምቻለሁ። ያ ከወድ ኤል ሒለው የመጣው ነው፣ ጉንጫሙ። ምግብ የምታመጣው ልጅ ነግራኛለች፤ እንዳይከፋህ ብላ ካንተ ደበቀችው።"

ነፋሱ ሲያርፍ ድምፁ ይጠፋል፣ ሲነሣ ይመለሳል። በመካከል አንድ ዐረፍተ ነገር ጥርት ብሎ ደረሰኝ፦ "እኔን የምትፈልጉ፣ እኔን ጠይቁኝ!" እኔ የፈጠርኩት ነው። አዛዡ ድንኳኑን እያስፈተሸ ሳለ ባለ ባርኔጣው ፊቱ ቆሞ የሚለው ነው። ሳቁ ከወንዙ ማዶ ፈነዳ። ሕዝቡ እንዲህ እንዲስቅ ተመኝቼ ነበር፤ ሲስቅ ግን ፊቴን ወደ ዳሱ ሣር አዞርኩ። ጓደኛዬ አለመሳሳቱን ያወቅኩት ያኔ ነው። አስቦበት ነው ያደረገው።

እኒያ እናት እጄን ያዙኝ። "በል ለእኛም ንገረን እንጅ። እኛስ ሰው አይደለንም?" አሉኝ።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላቸው፤ ያ ሁሉ በሽተኛ በክርኑ እየተደገፈ አዳመጠኝ። ሲስቁ ሳል ያፍናቸዋል፤ ሳሉ ሲለቃቸው "ቀጥል" ይሉኛል። እኒያ እናት ወሩ ሳያልቅ አረፉ።

የሆስፒታሉ ውጤት ሲመጣ ሳንባዬ ንጹሕ ነበር። ድሬሰሩ ይቅርታ ጠይቆ ለቀቀኝ። ጓደኛዬን ከውሃው ታንከር አጠገብ፣ በቀትር፣ ባልዲ ይዞ አገኘሁት።

"ንጹሕ ነህ አሉኝ" አልኩት።

"ተመስገን" አለ። ፊቴን አላየም።

"ደም ሲተፋ አይቼዋለሁ ያልካቸው መቼ አይተህ ነው?"

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "አላየሁም" አለ።

"ታዲያ ለምን?"

"ሰዉ አጨበጨበልህ። ከዚያ በኋላ እሱ አይሆንም ብል ማን ይሰማኛል? አንተስ ትሰማኛለህ?"

"ለምንድን ነው የማልሆነው?"

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። "ገላህን አይተኸዋል? ባለ ባርኔጣው ተርቦ አያውቅም። ይህ ሕዝብ ሲነጋም ሲመሽም የሚያየው አጥንት ነው። መድረክ ላይም አጥንት ላሳየው?"

የተናገረው እውነት ነበረበት። እጄን አየሁት፤ የክርኔ አጥንት ከክንዴ ይወፍር ነበር።

"እሱን ልትነግረኝ ትችል ነበር" አልኩት።

"ልብህ ይሰበርብኛል ብዬ ፈራሁ።"

"እና እንዳልሰበር ብለህ ከሚሞቱት መካከል ጣልከኝ? በሽታው እዚያ ቢይዘኝስ ኖሮ?"

ባልዲውን አነሣ። ከዚያ፣ "አዝዬ ያመጣሁህ እኔ ነኝ" አለ፣ በለሆሳስ።

እስከዚያች ቃል ድረስ ይቅር ልለው የምችል ይመስለኝ ነበር። አዝሎኝ እንደመጣ አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። እኔ ግን በየቀኑ አስታውሰው ነበር። አሁን ለዚህ ሲያነሣው፣ ሕይወቴን እንደፈለገ የማድረግ መብት አለኝ ያለ መሰለኝ። ጨርቄን ከዳሳችን አውጥቼ ወደ ሌላ ዳስ ሄድኩ።

ከወድ ኤል ሒለው የመጣው ልጅ ሊያየኝ መጣ። በሽታው ውሸት መሆኑን አያውቅም ነበር። "ጋሼ፣ ቦታው ያንተ ነበር። ድራማው እንደገና ሲታይ አንተ ግባበት" አለኝ።

"አይ፣ አንተ ነህ ትክክለኛው ሰው" አልኩት። ንዴቴ በእሱ ላይ አልነበረም። የአሮጊት አረማመድ እንዴት እንደሆነም አሳየሁት፤ ጉልበቱን ሳይሆን ወገቡን እንዲከብደው።

ከዚያ ፈቃድ አውጥቼ ገዳሪፍ ከተማ ገባሁ። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ የጆንያ አፍ በወስፌ እሰፋ ነበር። ባለ ባርኔጣውን ለማንም አላወራሁም።

ከክረምት በኋላ ጓደኛዬ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድበት ዕድል እንደወጣለት ሰማሁ። ከመሄዱ በፊት መጋዘኑ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ወፍሮ ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከተገዛበት ዕጥፋት ጋር።

"መሄዴ ነው" አለኝ።

"ሰምቻለሁ።"

"ምንም አትለኝም?"

"እግዜር በሰላም ያግባህ" አልኩት፤ ለማንም መንገደኛ እንደሚባለው።

ትንሽ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ሄደ። አብሮኝ የሚሰፋው ሱዳናዊ በዓይኑ ሸኝቶት፣ "ወንድምህ ነው?" ብሎ በአረብኛ ጠየቀኝ።

"ያገሬ ሰው ነው" አልኩትና ጆንያዬን ወደ ጉልበቴ ሳብኩ።