እጆቹን ከጭኖቹ ሥር የደበቀው ሰው

ሰውየው ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠችው የክሊኒኩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ጀርባ፣ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ደብቆ ተቀምጧል። የሹራቡ ክርን ሳስቷል። ሠርጉን ሁለት ጊዜ አራዝሞ ስድስት ዓመት የለፋበትን የሕሙማን ካርድ መያዣ ፕሮግራም፣ ማንም በነጻ እንዲወስደውና እንዳሻው እንዲያሻሽለው ክፍት አድርጎታል። ዛሬ ሴትዮዋ ያለ ረዳት ካስጀመረችው ክሊኒኩ ይቀበለዋል፤ ካቃታት ግን ይቀራል። የት ላይ እንደምትቸገር ለማየት ሲል ትንፍሽ ላይል ቃል ገብቷል።

የመጀመሪያው ገጽ «ለማሽንዎ የሚስማማውን ይምረጡ» ብሎ አምስት የኮምፒውተር ዓይነቶችን ስም ይደረድራል።

«ወንድሜ፣ የቱን ልንካ?»

«እትዬ፣ እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ።»

«ማጅራቴ ላይ እየተነፈስክብኝ?» ብላ ሳቀች።

ጣቷ ከስም ወደ ስም ሲሄድ የሰውየው ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛውን ብትነካ ይበቃት ነበር። ሦስተኛውን ነካች፤ ገጹም በማታውቀው ጽሑፍ ተሞላ። ወደ ፊተኛው ገጽ ልትመልሰው ደጋግማ ሞከረች፣ አልተመለሰላትም።

«እኔ ደነዟ! ልፋትህን ገደል ከተትኩት።»

«ኧረ እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው! መግቢያውን ያከበድኩት እኔ ነኝ።»

«አይ ጨዋ!» አለችና ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ ትልቁን የወረቀት መዝገብ ወደ ራሷ ሳበች።