ፀሐይ ያሞቀችው የጥምቀት ውሃ

ያኔ በአዳማ «ነርስ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ አልነበረም። እኛ «እትዬ ሐኪም» ነበር የምንላቸው። አዲስ አበባ ከፈረንጅ ሐኪሞች ዘንድ ማስታመም ተምረው፣ ባቡሩ ካመጣው ሰው ጋር ወደ ከተማችን የመጡ ባልቴት ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግራር ሥር ተቀምጠው የሕፃናት ዓይን ያጥባሉ፣ ቁስል ያስራሉ፤ ከተሜዋን በአማርኛ፣ ከገጠር የመጣችውን በኦሮምኛ እየተቆጡ። በእጃቸው የዳኑት ሴቶች ሳይቀሩ ዞር ሲሉ «ጸረ ማርያም ሳይሆኑ አይቀሩም» ብለው ያሟቸዋል። ባጎረሱ እጅን መነከስ ይሉሃል ይህ ነው።

የበኩር ልጄን የወለድኩት በዐቢይ ጾም ነው። ሳምንት ሳይሞላት ደረቷን አመማት፤ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የኔዋ ግን እዚያ የምትደርስ አልመሰለችም። ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ? ከሞቷም በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። የንስሐ አባታችን «ዛሬውኑ ትጠመቅ» አሉ። እትዬ ሐኪም ደግሞ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አድርገው አዳመጡና «ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገባችማ አትተርፍም፤ ውሃው ለብ ይበል» አሉ።

«የጥምቀት ውሃ እሳት ላይ አይጣድም!» ብለው አባ ተቆጡ።

እኔ በሁለቱ መካከል መግቢያ አጣሁ። ነፍሷን ላድን ወይስ ሥጋዋን?

እትዬ ሐኪም ክርክር አልጀመሩም። ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙና «አባቴ፣ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ውሃው እስከዚያ ደጅ ቢቀመጥስ? የአዳማን ፀሐይ የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም?» አሏቸው።

አባ ለመቆጣት አፋቸውን ከፍተው ሳቅ አመለጣቸው። «እንግዲያው እሱ ያሙቀው» አሉ። ውሃው በሰፊ የመዳብ ዕቃ ተቀድቶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፀሐይ ላይ ዋለ።

ሰዓቱ ሲደርስ ክርስትና እናት እንድትሆን የለመንኳት ጎረቤቴ የልጄን ፊት አየችና «እጄ ላይ ብትሞትስ?» ብላ አፈገፈገች። እስከ ዛሬ ይቅር ያልኳት በግማሽ ልብ ነው። እትዬ ሐኪም ልጄን ተቀብለው በእሷ ቦታ ክርስትና እናት ሆነው ይዘዋት ገቡ።

እኔ አራስ ስለሆንኩ መግባት አይፈቀድልኝም፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቀረሁ። የአባ ጸሎት ይሰማኛል፤ የልጄ ድምፅ ግን የለም። ቀጥሎ ጸሎቱም ቆመ። ዲያቆኑ ወጥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ! የክርስትና ስሟ...» ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም።

«ስሟን ተወው! ትተነፍሳለች?» ብዬ ጮኽኩበት።

መልሱን ልጄ ራሷ ሰጠችኝ። ከተወለደች ጀምሮ ሰምቼባት በማላውቀው ቁጣ ግቢውን በለቅሶ አናወጠችው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንባዬን እንኳ ሳልጠርግ፣ ሳቅሁ።

እትዬ ሐኪም በነጠላቸው ጠቅልለዋት መጡና ጭኔ ላይ አስቀመጧት።

«እንዲህ የምትቆጣ ልጅ አትሞትም» አሉኝ። «በይ አጥቢያት።»

እውነታቸውን ነበር።