በአመድ የታጠበው ፊት

ወንድሜ የሞተው በክረምቱ መውጫ ላይ ነው። ትኩሳት ነበር። ሳምንት አልሞላውም። ከዚህ በላይ ስለ አሟሟቱ መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬ ነበር። የምጽፈው ስለ ስልኩ ነው።

ስልኩ ሲነካ ይበራና የእሱን ምስል ያሳያል። ሩዝ መሃል ቆሞ፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ፣ ፀሐዩን በእጁ ከልሎ ይስቃል። በዚያው ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይከፈትልንም፤ መክፈቻውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የሰውን ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ልጅ ነው፤ የራሱ ምስል ግን ሌላ ቦታ የለም። ለእናቴ የቀረላት ፊት ያ ብቻ ነው።

አርባው ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ ስልኩን በአመድ አጠበችው።

ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም። በእኛ ቤት መስታወት የሚጠራው በአመድ ነው። መብራት ሳይገባ፣ የፋኖሱ ብርጭቆ ጥላሸት ሲለብስ፣ እናቴ እርጥብ ጨርቅ አመድ አስነክታ ታሸው ነበር፤ ብርጭቆው የሌለ እስኪመስል ይጠራል። ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። የምናነደውም ከመፈልፈያ ቤት የምናመጣውን የሩዝ ገለፈት ነው። የገለፈት አመድ ሲያዩት ዱቄት ይመስላል፤ ሲያሹበት ግን እንደ ሞረድ ይበላል። ድስት ያነጣል።

ለአርባው ዘመዶች ከሐሙሲት ይመጣሉ። ምስሉን ልታሳያቸው ፈልጋለች። መስታወቱ ላይ የእጅ ወዝ አየች። «ፊቱን ልጠብለት» ብላ ነው።

ከማሳ ስመለስ ደጃፍ ተቀምጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ና እስቲ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። «አልታይ አለኝ።»

ነካሁት። በራ። ብርሃኑ አለ፤ ፊቱ የለም። ጠዋት ሜዳው ላይ የሚተኛው ጉም ነው የሚመስለው። ከጉሙ ወዲያ ጠቆር ያለ ነገር አለ፤ እሱ ይሁን ሌላ አይለይም።

«በምን ጠረግሽው፣ እማዬ?»

የአመዱን ጣሳ በዓይኗ አሳየችኝ።

በእጅጌዬ አሸት አደረግሁት፤ ጉሙ አልለቀቀም። የሆነ ነገር ብናገር ይሻል ነበር። ዝምታዬን እንደ ፍርድ ወሰደችው።

«አንዴ ቀበርነው» አለች። «ደግሞ እኔ ለብቻዬ ቀበርኩት።»

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በነጋታውም እንዲሁ። አባቴ ሞሰቡን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ «ወረታ ውሰደው፤ የሚሆን ከሆነ ይሆናል» አለኝ። እኔ ደግሞ መውሰዱን ፈራሁ። ስልካቸውን ለጥገና ሰጥተው ባዶውን የተመለሰላቸው ሰዎች አውቃለሁ። ውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ።

መገንጠያው ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያይበት፣ ዣንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ግላስ የሚለጥፍ ሰውዬ አለ። ግላስ የምንለው ስልክ እንዳይሰበር ፊቱ ላይ የሚለጠፈውን ስስ መስታወት ነው። ወንድሜ ግላስ በሚያስለጥፉ ሰዎች ይስቅ ነበር። «በሬ ዣንጥላ ይይዛል እንዴ?» ይላል። ስለዚህ የእሱ ስልክ ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ወደ ሰውዬው የሄድኩት ስልክ ጠጋኝ ጋ ለመሄድ ከመድፈሬ በፊት ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ስልኩን ተቀብሎ ቀና እንኳ ሳይል፣

«ይኼ ስልክ ነው ወይስ የድስት ቂጥ? በምን ፈተጋችሁት?» አለ።

«በአመድ።»

አጠገቡ ባጃጁ ላይ የተቀመጠ ሾፌር በሳቅ ፈረሰ። «ምነው፣ እንዶድ ጠፋ?»

ባለ ግላሱ ያኔ ቀና አለ። የተላጨ ራሴን አየ። ጥቁር ልብሴን አየ። የሾፌሩን ጉልበት በእጁ ጀርባ መታ አደረገና፣

«የማን ነው?» አለኝ።

«የወንድሜ።»

«ነፍስ ይማር።» ሾፌሩም ቆቡን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ።

ሰውዬው እጁን ጠረገ። የአውራ ጣቱን ጥፍር በስልኩ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ አስኬደ። ማዕዘኑ ላይ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው አስኬደ።

«ግላስ አለው።»

«የለውም። እሱ አያስለጥፍም።»

«ወንድምዬ፣ ጥፍሬ አይዋሽም።»

ጥፍሩን ማዕዘኑ ሥር አስገባ። ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ጉሙ ከአንድ ጎን ተነሣ፤ ተነሥቶ፣ ተነሥቶ፣ ሙሉ በሙሉ በሰውዬው እጅ ላይ ቀረ። ሥሩ ያለው መስታወት አንድ ጭረት አልነበረበትም። ነካው። ወንድሜ እየሳቀ ወጣ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አሁንም ስጽፈው ይገርመኛል። ያ ግላስ የጥፍር ውፍረት ነው ያለው። የአመዱን ሁሉ፣ የእናቴን ክንድ ሁሉ፣ እሱ ተቀበለው፤ አንዲት ነገር ወደ ውስጥ አላሳለፈም። መቼ እንዳስለጠፈው አላውቅም። እየሳቀብን ሄዶ አስለጥፎ፣ ለእኔም ሳይነግረኝ። ስለ ወንድሜ ሁሉንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የተላቀቀውን ወደ ሰማይ አንስቼ አየሁበት። የእናቴ ጣቶች መንገድ ይታያል፤ ክብ ክብ ሆኖ። ዳር ዳሩ ሳሳ ያለ ነው። መሃሉ ላይ፣ ፊቱ በነበረበት፣ ጭረቱ በጭረት ላይ ተደርቦ ነጭ ሆኗል። እዚያ ላይ ብዙ ቆይታለች።

ሰውዬው አዲስ ለጠፈልኝ። አቧራውን በፕላስተር እየነካ አነሣና ግላሱን ከላይ ጣለው። መሃሉን በጣቱ አንዴ ብቻ ተጫነ። ከዚያ ማጣበቂያው በራሱ ሄደ። በክረምት ውሃው ወደ ሜዳችን ሲገባ፣ ማንም ሳይነዳው ዝቅ ያለውን እየሞላ እስከ ድንበሩ እንደሚደርሰው፣ እንደዚያ እስከ ጠርዙ ደረሰና ዝም አለ። ሾፌሩም አብሮኝ አጎንብሶ ያይ ነበር። ሁልጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያየው ይውላል፤ ግን እንደ አዲስ አየ።

ቤት ስደርስ እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ታቦት ሲወጣ እንደምታየው አድርጋ አየችው። አፏን ይዛ።

ስልኩ እንደ ልማዱ በራሱ ጠፋ።

«ውይ! ምን አደረግሁት?»

«ምንም አላደረግሽው። ንኪው።»

«እኔማ አልነካም። የነካሁት ይበቃኛል።»

«ንኪው፣ እማዬ። አይጎዳውም።»

ማጭድ የሰነጠቀው ጣቷን ከመስታወቱ በላይ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ የጋለ ነገር እንደሚፈትን ሰው በጫፉ ነካችው። በራ። ጣቷን ሰበሰበች። እስኪጠፋ ጠበቀች። ደግማ ነካችው።

«መጣ» አለች።

ሞሰቡን አቀረብኩላት። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በቀኝ እጇ ቆርሳ በላች፤ በጠፋ ቁጥር በግራዋ እየነካችው። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኖ ነበር። አልነገርኳትም።